የኋላው ኮርቻ፦ ስለ ባለቤትነትና ስለ ፍጥነት

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል የሀገራችን ሰው። ይህ አባባል በተለምዶ የሚነገረው በመሣሪያው ተመክቶ የራሱን ድርሻ ለዘነጋ ሰው ነው። ፈረሱ ጌታውን ከጦር ሜዳው ያደርሰዋል፤ ከደረሰ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ግን በፈረሰኛው ልብና ክንድ ይወሰናል። ስለዚህ አባባሉ ስለ ፈረስ የተነገረ ይምሰል እንጂ ዋናው ጉዳዩ ሰው ነው። ሰው በእጁ ያስገባው ኃይል እስከ የት ድረስ ያደርሰዋል? ከየት ጀምሮስ ብቻውን ይተወዋል?

ይህን ጥያቄ ለማንሣት የመረጥኩት ዕቃ ፈረስ አይደለም፤ አንዲት ትንሽ ሞተር ብስክሌት ናት። ርእሱ ለኪነ ጥበብ መጽሔት አይመጥንም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ይሁንና የሥነ ምግባር ጥያቄ ሁልጊዜ የክብር ልብስ ለብሶ አይመጣም። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በየዕለቱ በምንገለገልበት ዕቃ፣ በምንሄድበት መንገድና በመንገዱ ላይ በምናገኘው ሰው በኩል ነው። እኔም ከወላይታ ሶዶ እየተነሣሁ በአንዲት 125 ሲሲ ሞተር ለዓመታት ስመላለስ ያገኘሁት ጥያቄ የመጣው በዚሁ በር ነው። ጥያቄው ባጭሩ፣ «የገዛሁት ዕቃ የእኔ ነው፤ ዕቃው የሚሰጠኝ ፍጥነትስ የማን ነው?» የሚል ነው።

በቅሎና ሞተር

እንደሚታወቀው ሞተር ብስክሌት ሁሉ አንድ አይደለም። ለአስፋልት ብቻ የተሠራ አለ፤ ለውድድር ሜዳ ብቻ የተሠራ አለ። እዚህ የምናነሣት ግን ለሁለት ዓይነት መንገድ የተሠራችውን፣ በከተማው አስፋልት ሄዳ ወደ ኮረኮንቹ የምትገባውን፣ ኮረኮንቹም ሲያልቅ በከብት መንገድ የምትቀጥለውን ነው። ሆዷ ከመሬት ከፍ ያለ ነው። የጎማዋ ጥርስ ጭቃ እንዲነክስ ሻካራ ሆኖ ተቆርጧል። የፊት ጎማዋ 21፣ የኋላው 18 ኢንች ነው፤ የፊቱ መተለቁ ድንጋይ ሲገጥማት ከመላተም ይልቅ ተንከባልላ እንድታልፈው ነው። ክብደቷ ከአንድ ኩንታል ብዙም ስለማይበልጥ ጉድጓድ ብትገባ ሁለት ሰዎች ያወጧታል። በአንድ ሊትር ቤንዚን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች።

ይህ ዓይነት ሞተር በዓለም ገበያ በሰፊው የታወቀው የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ-1 የተባለውን 250 ሲሲ ሞተር ካወጣ ወዲህ ነው። በተከታዮቹ ዓመታት 125 እና 100 ሲሲ የሆኑት ታናናሾች መጡ። ለኪነ ጥበብ ሰው የሚጥም አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። የኩባንያው ስም የመጣው ከቶራኩሱ ያማሃ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1887 ሐማማትሱ በምትባል ከተማ የተበላሸ ኦርጋን በመጠገን ሥራውን የጀመረ ሰው ነበር። ሞተር ብስክሌት የተጨመረው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ዛሬም የኩባንያው ምልክት ሆነው የምናያቸው ሦስት ቀጫጭን ሹካዎች የሙዚቃ ባለሙያዎች ድምፅ የሚቃኙባቸው ናቸው። የዜማ መቃኛ ጭቃ በሚረግጥ ብረት ላይ ታትሞ ወላይታ ደርሷል ማለት ነው።

በሀገራችን ልማድ ካየናት ይህች ሞተር በቅሎን ትመስላለች። «በቅሎ አባትህ ማን ነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ» እንደሚባለው ሁሉ፣ እሷም ዘሯን ብትጠየቅ ስለ አስፋልቱ ታወራ እንደሆነ እንጂ ስለ ጭቃው ዝም ትል ይሆናል። ነገር ግን የበቅሎን ዋጋ በገደል መንገድ የሚያቆመው በአህያ ወገኑ ያገኘው ጽናት እንደሆነ ሁሉ፣ የእሷም ዋጋ ያለው ዝም በምትልበት በኩል ነው።

ባዶ መንገድ የሌለበት ምድር

ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ መሬቱ ወደ ቢላቴ ወንዝ፣ በደቡብ ምሥራቅ ወደ አባያ ሐይቅ፣ በምዕራብ ደግሞ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርዳል። ወደ ቦዲቲም ሆነ ወደ አረካ፣ ወደ ገሱባም ሆነ ወደ በሌ የሚሄድ ሰው ግራና ቀኙን በእንሰት፣ በቦይና፣ በስኳር ድንችና በበቆሎ ማሳ ታጅቦ ይጓዛል። አፈሩ ቀይ ነው፤ በበጋ አቧራው ሽፋሽፍት ላይ ይቀመጣል፤ በክረምት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ወላይታ በኢትዮጵያ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ገጠሮች አንዱ ነው። በዚህም የተነሣ እዚህ ባዶ መንገድ የሚባል ነገር የለም። እንጨት የተሸከመች እናት፣ ደብተሩን በጉያው ያደረገ ተማሪ፣ በሬውን ወደ ገበያ የሚነዳ ገበሬ፣ ከለቅሶ የሚመለሱ ሽማግሌዎች መንገዱን ሞልተውት ይሄዳሉ። ሞተረኛው ጋዝ በሰጠ ቁጥር የሚያልፈው ርቀትን ብቻ አይደለም፤ ሰውን ነው።

በዳሞታ ጎን ሞቼና ቦራጎ የሚባል ዋሻ አለ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በቁፋሮ ከ40,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የሰው ኑሮ ምልክት አግኝተውበታል። በዚህ ሁሉ ዘመን የሰው ልጅ የፍጥነት ልክ እግሩ፣ ኋላም ቢሆን ፈረሱና በቅሎው ነበር። በእነዚህ ኮረብታዎች ላይ የሞተር ድምፅ የተሰማበት ዘመን ከአንድ ሽማግሌ ዕድሜ ብዙ አይረዝምም።

የዚህ ምድር የልማት ታሪክም በአንድ በኩል ሲታይ የርቀት ታሪክ ነው። «ዋዱ» በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1962 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ባንክ ብድር ሥራውን ሲጀምር ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ አከፋፍሏል፤ በአበላና በበሌ ቆላማ መሬት ላይም ገበሬዎችን አስፍሯል። ዘሩ መጋዘን ውስጥ ቢከማች፣ ዕውቀቱ ወረቀት ላይ ቢሰፍር፣ ከገበሬው ደጃፍ የሚያደርሰው ሰው ከሌለ ሁለቱም እንደሌሉ ይቆጠራሉ። በመላው ሀገራችን የግብርና ባለሙያው፣ ክትባት አድራሹና የወባ መከላከያ ሠራተኛው ትንንሽ ሞተሮችን መንዳት የለመዱት ከዚህ ፍላጎት ተነሥተው ነው። ይህች ሞተር በእኛ ዘንድ ለረጅም ጊዜ የምትታወቀው በግለሰብ ሀብትነት ሳይሆን በመሥሪያ ቤት ንብረትነት ነበር።

ወረቀቱና እጁ

የእኔዋም እንደዚያው ነበረች። ያገኘኋት በጨረታ ነው። ከአንድ መጋዘን ጀርባ ሣር ውጧት፣ ኮርቻዋ ተቀዶ፣ ካንዴላዋ ዝጎ ቆማ ነበር። በግፊ ሶዶ ወዳለ አንድ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ካርቡራተሩ ታጠበ፤ የኋላው እግር ኩሽኔታ ተለወጠ፤ ፍሪሲዮኑ ታደሰ። በሦስተኛው ሳምንት ተነሣች።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በራሴ ላይ የታዘብኩት ለውጥ አስገርሞኛል። ሌሊት ዝናብ ሲጥል ከእንቅልፌ እነቃለሁ፤ ሸራዋን ንፋስ ገልጦት እንደሆነ ብዬ እወጣለሁ። ሰንሰለቷን በየሳምንቱ በዘይት አርሳለሁ። በሥራ ዘመኔ በርካታ የመሥሪያ ቤት ዕቃዎች በእጄ አልፈዋል፤ ለአንዳቸውም ሌሊት ተነሥቼ አላውቅም። ታዲያ በመሥሪያ ቤት እጅ ሣር የዋጣት ሞተር በእኔ እጅ የዳነችው ሰው «የእኔ» የሚለውን ካልሆነ በቀር ስለማይወድ ነውን? የጋራ ንብረት በባሕርዩ ወላጅ አልባ ነውን?

ብዙዎቻችን ለዚህ ጥያቄ ፈጥነን «አዎ» እንል ይሆናል። እኔም ልል ስል መካኒኩ አገደኝ። «ይህችን አውቃታለሁ» አለኝ የታንኩን ጠባሳ በጣቱ እየዳሰሰ። «አንድ የእርሻ ባለሙያ ነበር የሚነዳት። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ አምጥቶ ራሱ ያጥባት ነበር፤ ዘይቷንም ከኪሱ ይገዛ ነበር። እሱ ሲዛወር ነው የሞተችው።» ሰውየው የባለቤትነት ወረቀት አልነበረውም። ሊሸጣት፣ ሊለውጣት፣ ለልጁ ሊያወርሳት አይችልም ነበር። ሆኖም ለዓመታት ባለቤቷ እሱ ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ ትውልድ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ከመታወጁ በፊት የሀገራችን ሕዝብ ለዓመታት ያነሣው ጥያቄ ይኸው አልነበረምን? ወረቀቱ በአንዱ እጅ፣ እርፉ በሌላው እጅ ሆኖ ሳለ መሬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነበር። ከዚያ ወዲህ የታየውን ሁሉ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ለጉዳያችን የሚበቃን አንድ ነገር ነው፤ ባለቤትነት ሁለት ፊት አለው። አንደኛው በመዝገብ የሰፈረው መብት ነው። ሁለተኛው በእጅ የሚታየው ጥንቃቄ ነው። ሁለቱ አንዳንዴ አብረው ይሄዳሉ፤ አንዳንዴ ይለያያሉ።

አሜሪካዊው ጸሐፊ ሮበርት ፐርሲግ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ልጁን ከኋላው አፈናጥጦ ከሚኔሶታ እስከ ካሊፎርኒያ ያደረገውን የሞተር ጉዞ መነሻ አድርጎ ስለ ጥንቃቄ በሰፊው ይመራመራል። ሰው መሣሪያውን የሚይዝበት መንገድ የራሱን ውስጣዊ ሁኔታ ይገልጣል የሚለው ሐሳብ ከመጽሐፉ ጎልተው ከሚወጡት አንዱ ነው። ለረጅም ጊዜ በዚህ ሐሳብ ረክቼ ነበር። ሞተሬን አጥባለሁ፤ ስለዚህ መልካም ሰው ነኝ የሚል አንድ ዓይነት ስውር ኩራትም ሳይሰማኝ አልቀረም።

ያ ሩብ ሰዓት

ሰኔ ሊያልቅ የተቃረበበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ለምጽፈው ተውኔት የቆዩ ታሪኮችን ሊነግረኝ ፈቃደኛ ከሆነ አንድ አረጋዊ ጋር ተቀጣጥሬ ከሶዶ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ኪንዶ አቅጣጫ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በሚወርድ የቀበሌ መንገድ እሄዳለሁ። ደመናው ዝቅ ብሏል። ዝናቡ ሳይቀድመኝ ለመድረስ ቸኩያለሁ።

እኔ ቁልቁል ስወርድ ስድስት ሰዎች ወሳንሳ ተሸክመው ሽቅብ ይወጣሉ። በወሳንሳው ላይ በነጠላ የተሸፈነ ሰው አለ። ከፊት አንድ አረጋዊ በትር ይዘው ይመራሉ። ከጎን የሚሄድ አንድ ወጣት እጁን አነሣ። እኔ ክላክስ አደረግሁ። መንገዱ ጠባብ ነበርና ሸክማቸውን እንደያዙ ወደ ዳር፣ ወደ ጭቃው ወጡልኝ። አለፍኩ።

ሳልፍ ለራሴ የነገርኩትን በሚገባ አስታውሳለሁ። በሽተኛ በሞተር አይጫንም፤ ዋናው መንገድም ቅርብ ነው፤ ሰው ቀጥሬ አላስጠብቅም አልኩ። ሦስቱም እውነት ነበሩ። በዚያ ቀን ሰንሰለቷ በዘይት ርሶ፣ ፓራፋንጎዋ ታጥቦ፣ ሞተሯ እንደ ሰዓት ይመታ ነበር። ስለ ዕቃዬ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ አላውቅም።

ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወርጄ አንድ ጅረት ዘንድ ደረስኩ። ጥልቀቱን ለማየት ሞተሩን አጠፋሁ። ጸጥታው ውስጥ ነገሩ ገባኝ። ወጣቱ እጁን ያነሣው በሽተኛዋን እንድጭንለት አልነበረም፤ ራሱን እንዳፈናጥጠው ነበር። አምቡላንስ ሊጠራ ነበር። ስልኬን አወጣሁ፤ በዚያ ስርጥ ውስጥ ኔትዎርክ የለም። እነሱም ያልደወሉት ለዚሁ ነው።

ተመለስኩ። ደርሼ ሳገኛቸው ትከሻ ለመቀያየር ወሳንሳውን አሳርፈውታል። አረጋዊው አዩኝና፣ «ተመለስክ ልጄ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ወጣቱን ከኋላዬ አፈናጥጬ ወደ ጤና ጣቢያ በረርኩ። አምቡላንሱ እስከ መገንጠያው ድረስ መጥቶ ተቀበላቸው። ሴትዮዋ ምጥ ላይ ነበረች። እሷ ተረፈች። ልጇ አልተረፈም።

ማንም አልከሰሰኝም። አንድ የጤና ባለሙያ ሕፃኑ ከቤት ሳይወጡ በፊት አልፎ ሊሆን እንደሚችል ነግሮኛል፤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። የጠፋው ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ያ ሩብ ሰዓት አንድን ነገር ይለውጥ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ የሚነግረኝ ሰው የለም፤ ወደፊትም አይኖርም። እኔ ግን ለተውኔቴ ታሪክ ፍለጋ ስሄድ ታሪኩን በክላክስ ከመንገድ ማስወጣቴን አውቃለሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አረጋዊውን ፈልጌ አገኘኋቸው። «ያን ዕለት አልፌያችሁ ስሄድ ተቀይመውኝ ነበር ወይ አባቴ?» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡ። «አልተቀየምኩህም ልጄ» አሉ፤ «ሞተር ያለው ሰው ያልፋል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ጡሩንባህን ስትነፋ ከመንገዱ የወጣነው እኛ ነን። መንገዱን የቆፈርነውም እኛ ነን።»

ፍጥነት ከምን ይሠራል?

ይህ አነጋገር ከብዙ የፍልስፍና ገጽ ይልቅ አሳስቦኛል። አረጋዊው የተናገሩት ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ሥራም ሆነ በሌሎች የሕዝብ ሥራዎች የወላይታ ገበሬ በአካፋና በዶማ የቀበሌ መንገዶችን ቆፍሯል፤ ጠርጓል፤ ጎርፍ ሲወስዳቸው መልሶ ደልድሏል። እኔ በዚያ መንገድ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስሄድ ከስሬ ያለው የእነሱ ላብ ነው።

እስቲ ነገሩን ገታ አድርገን እንመርምረው። የእኔ የምለው ፍጥነት ከምን ከምን ተሠራ? መጀመሪያ ብረቱን የሠሩት የሩቅ ሀገር ሠራተኞች ናቸው። ቤንዚኑ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ምንዛሪውን ከሚያስገኙት አንዱ በየጓሮው ቡና የሚለቅም ገበሬ ነው። መንገዱን መንደርተኛው ቆፈረው። የተበላሸውን የጠገነው መካኒክ ነው። በመጨረሻም ክላክስ ሲሰማ ወደ ጭቃው የሚወጣ እግረኛ አለ፤ እሱ ባይወጣ ኖሮ ፍጥነቴ ዜሮ ነበር። በጨረታ ወረቀቱ የገዛሁት ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ፣ ብረቱን ነው። ሌላው ሁሉ ሳይጠየቅ የተሰጠኝ ብድር ነው።

ይህን ስል ሞተሩ ይወረስ ወይም ተራ በተራ ይነዳ ማለቴ አይደለም። ከሁለት ሺህ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት አሪስቶትል ስለ መንግሥት በጻፈው ሥራው፣ ንብረት በግል ቢያዝ፣ አጠቃቀሙ ግን የጋራ ቢሆን ይሻላል ብሎ ነበር። መያዝና መጠቀም ሁለት ነገሮች ናቸው። አንድ ሰው ቢይዛት ሰንሰለቷ በዘይት ይርሳል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ጥያቄው ዘይት ከጠጣች በኋላ ለማን ትሄዳለች የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ በወላይታ መንገድ ላይ እጅ ላነሣ ሁሉ የሚቆም ሰው ከቶ የትም አይደርስም፤ የማይደርስ ሞተር ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። እውነት ነው። ግዴታው ግን ለሁሉ መቆም አይደለም። ግዴታው የሚጠየቀው ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚበቃ ያህል መዝገም ነው። የእኔ ጥፋት ማለፌ ብቻ አልነበረም፤ ሳልጠይቅ ማለፌ ነበር። ወጣቱ የሚለውን ለመስማት አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። «በሽተኛ በሞተር አይጫንም» የሚለው እውነት ያልተጠየቅኩትን ጥያቄ የሚመልስ እውነት ነበር። ሰው ኅሊናውን ሊያስተኛ ሲፈልግ ውሸት አይፈልግም፤ ቦታውን የሳተ እውነት ይበቃዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኀላፊነት ወገን ይመጣል። ወላድን ከመንደሯ ወደ ሐኪም ማድረስ የመንግሥትና የኅብረተ ሰቡ ሥራ ነው፤ ይህን በመንገደኛ ቸርነት ላይ መጣል ጉድለቱን መሸፈን ነው ይላል። ይህም እውነት ነው። ቸርነት የሥርዓት ምትክ ሊሆን አይችልም፤ የመንገዱ፣ የስልኩና የአምቡላንሱ ጥያቄ በየደረጃው መነሣት አለበት። ሆኖም ያ ትክክለኛ ጥያቄ የእኔን ክላክስ አያጸዳውም። ሥርዓቱ እስኪሟላ ድረስ በመንገዱ ላይ ያለነው እኛ ነን፤ ሥርዓቱ ከተሟላ በኋላም የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ናቸው።

ሳይሰበር እንደ ተሰበረ

እ.ኤ.አ. በ1952 ሁለት አርጀንቲናውያን ወጣቶች ደቡብ አሜሪካን ለማየት በአንድ አሮጌ 500 ሲሲ ኖርተን ሞተር ተጓዙ። አንዱ የሕክምና ተማሪው ኤርኔስቶ ጉቬራ፣ ሌላው የሞተሩ ባለቤት አልቤርቶ ግራናዶ ነበሩ። ሞተሩን «ኃያሏ» ብለው ሰይመዋት ነበር። ኃያሏ ቺሌ ውስጥ ተሰበረች፤ ከዚያ በእግርና በጭነት መኪና ቀጠሉ። ወደ ቹኪካማታ የመዳብ ማዕድን ሲያመሩ ብርድ ልብስ እንኳ የሌላቸውን ሠራተኛ ባልና ሚስት ያገኙት ሞተሩ ከተሰበረ በኋላ ነው። በሞተር ላይ ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት ያልፏቸው ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሞተር መሰበር አለበት የሚል ትምህርት የሚወስድ ካለ ወላድ በወሳንሳ ስትወጣ አላየም። የእግር መንገድ ቅኔ የሚሆነው ለሚጽፈው እንጂ ለሚሸከመው አይደለም። የሚወሰደው ትምህርት፣ ሞተሩ ሳይሰበር እንደ ተሰበረ ሰው ማየት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ለዚህም የትንሿ ሞተር ባሕርይ ይረዳል። በትልቅ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው መስኮቱ ዝግ ነበር፣ አልሰማሁም ሊል ይችላል። የትንሽ ሞተር ባለቤት ግን ይህ ሰበብ የለውም። አቧራውን ይውጣል፤ ዝናቡን ይቀምሳል፤ «ሳሮ» የሚለው የወላይታ ሰላምታ ከጆሮው ይገባል፤ የሚያልፈውን ሰው ፊት በሁለት ክንድ ርቀት ያያል።

ዛሬ በሶዶና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ብዙ ወጣቶች በሞተር ሰው እያመላለሱ ይተዳደራሉ። አንዳንዱ ሞተሩ የራሱ አይደለም፤ ለባለቤቱ የዕለት ገቢ ያስገባል። ሦስት ሰው ይጭናል፤ የራስ ቁር አያደርግም፤ ሲወድቅም ከእሱ ጋር ሌላ ሰው ይወድቃል። ይህ ሊታረም የሚገባው ነው። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሞተሮች እንቅስቃሴ ላይ ገደብ የጣለችው በሞተር የሚፈጸም ወንጀል አሳስቧት ነበር፤ ብረቱ በራሱ ደግም ክፉም እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ እንበል። ወረቀት የሌለው ያ ወጣት እጅ በተነሣ ቁጥር ይቆማል፤ እንጀራው እዚያ ነውና። ወረቀት ያለኝ እኔ ግን ክላክስ አድርጌ አለፍኩ። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» ይባላል። ከሰው የሚገላግለኝ ፍጥነት አገኘሁ ስል ከሰው ጋር የሚያገናኘኝን ገመድ በገዛ እጄ አሳጠርኩ።

ይህ መጽሔት የሚደርሳቸው ካድሬዎች፣ መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች ብዙዎቹ ሞተር የላቸውም ይሆናል። ነገር ግን ሁላችንም ሌላው ሰው በእግሩ በሚሄድበት መንገድ ላይ የሚያፈጥነን አንዳች ነገር ተሰጥቶናል። አንዱ ሥልጣን ይዟል፤ አንዱ ዲግሪ፤ አንዱ ብዕር። መንገዱን የቆፈሩልንም አሉ። በስብሰባ ላይ እጁን ያነሣውን ገበሬ «ይህ በአጀንዳችን የለም» ብለን ስናልፈው፣ ጥያቄው ያልገባንን ተማሪ «ጊዜ የለንም» ስንለው፣ ያ ክላክስ ነው። ምክንያታችን እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ምን እንደሚጠይቁን ሰምተናልን?

እኔ ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ሥርዓት ትንሽ ነው። ከኮርቻው ሥር ገመድና መለዋወጫ ካላማዳሪያ እይዛለሁ። ሸክም የያዘ ሰው ሳይ ክላክስ አላደርግም፤ ማርሽ ቀንሼ ዳሩን እኔ እይዛለሁ። የኋላውን ኮርቻ ዕቃ አላስርበትም፤ ባዶ ሆኖ ሲሄድ የማን ቦታ እንደሆነ አስባለሁ። ይህ ሥርዓት ያን ሩብ ሰዓት አይመልስልኝም፤ እንዲመልስልኝም አልጠብቅም።

ባለፈው ጥቅምት በዚያው ቁልቁለት ስወርድ አረጋዊውን በትራቸውን ይዘው ወደ በሌ ገበያ ሲሄዱ አገኘኋቸው። እጃቸውን አላነሡም። ቆሜ ጠየቅኋቸው። በትራቸውን አግድም ይዘው ከኋላዬ ተፈናጠጡ፤ ጥቂት እንደ ሄድን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «እዚያ ጋ ቀስ በል ልጄ፤ ጎርፍ ወስዶታል፤ ገና አልደለደልነውም» አሉኝ። ፍሬን ያዝኩ።